አንደኛ ክፍልን ማስነበብ፦ ከደሴ የአንድ ዓመት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ ትምህርት እንደተጀመረ

ዘንድሮ የደረሰኝ አንደኛ ክፍል ነው። ከሃምሳ በላይ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ሰባት ዓመት ሞልቷቸዋል። ጥቂቶቹ ገና ናቸው። አንዱ ደግሞ አሥር ዓመቱ ነው። የዓመቱን ጉልበቴን አንድ ነገር ላይ አደርገዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ንባብ ላይ። ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም ወደፊት የሚሄደው ማንበብ ሲቻል ነው። ልጁ መልሱን ቢያውቅም ጥያቄውን ካላነበበው ምን ዋጋ አለው?

ማስታወሻውን የምጽፈው እንደኔ አንደኛ ክፍል ለያዛችሁ መምህራን ነው። ወላጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ሥራው መሃል ሆኜ ስለምጽፈው አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሄዱት ልጆቹ ምን ይዘው እንደመጡ በማየት ነው። «ሀሁን በሉልኝ» አልኳቸው። ክፍሉ ተናጋ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ ምንም ስህተት ወረዱት። አጸደ ሕፃናት ያልገቡት እንኳ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ይዘውታል።

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሰንጠረዡ ጠራኋቸው። ለአንዷ «ቲ» ላይ ጠቆምኩና «ይህ ምን ይላል?» አልኳት። ጣቷን «ሀ» ላይ አደረገች። በሹክሹክታ እየዘመረች በዳር በኩል ወረደች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ... «ተ» ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ጎን ዞረች። «ተ፣ ቱ፣ ቲ! ቲ ነው ቲቸር!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። ልክ ናት። ያንኑ «ቲ» በቁራጭ ካርቶን ጽፌ ሳሳያት ግን ዝም አለች። ዜማው ከሌለ ፊደሉን አታውቀውም።

ብዙዎቹ እንደሷ ናቸው። ቅደም ተከተል በጆሮ ይያዛል። ፊደል ደግሞ በዓይን ነው የሚያዘው። ሁለቱ ለየብቻ መሠራት አለባቸው።

የኔታዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ ነው የሚሄደው። አንዱ ግዕዝ (የፊደሉ አንደኛ መልክ)፣ ቀጣዩ ካዕብ (ሁለተኛው)፣ ቀጣዩ ሳልስ (ሦስተኛው)። ፊደሉም ይቀየራል፣ ድምፁም ይቀየራል። በዜማ ብቻ የያዘና በዓይኑ የለየ ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃሉ። ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ወስደን አቡጊዳን ተውነው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ሐሳቡን ወደ ክፍሌ እመልሰዋለሁ።

ከመስቀል በኋላ

ሳምንቱ የካርቶንና የቆርኪ ሆነ። ካርቶኑን ከሰፈር ሱቆች አገኘሁ፤ የሳሙናና የብስኩት ነው። ቆርኪውን ከግሮሰሪ። ባለግሮሰሪው ለምን እንደሆነ ሲሰማ በፌስታል ሙሉ አጠራቅሞ ጠበቀኝ። ለልጆች ሲባል የማይሰጥ ሰው አላጋጠመኝም።

የቆርኪ ፊደል አሠራሩ ቀላል ነው። ጠርዙን በመዶሻ ወደ ውስጥ መጠፍጠፍ፤ እንዲያ ካልሆነ እጅ ይቆርጣል። በልኩ ክብ ወረቀት ቆርጦ በኮላ መለጠፍ። በወፍራም ማርከር መጻፍ። ላዩን በስኮች መሸፈን። ልጆቹ ጠረጴዛቸው ላይ እየደረደሩ ቃል ይሠሩበታል። ጠመኔና ደብተር የማይሰጡት ነገር አለው፤ የተሳሳተ ፊደል ይነሳና ሌላ ይተካል። መሰረዝ የለም፣ መጨነቅ የለም።

ፊደላችን 33 ነው። በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። ያን ሁሉ በአንዴ አላቀርብም። ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ኸ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ይቆዩ። ድምፃቸው በሌላ ፊደል ስለሚገኝ ልጁ የሚያጣው ቃል የለም። 27 ቀሩ ማለት ነው። ከነሱም ውስጥ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ፣ ጠ እና ጨ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዱን የለየ ልጅ ሁለተኛውን በተጨመረው ምልክት ያውቀዋል። ሸክሙ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀላል።

ለግድግዳው የታጠበ ማዳበሪያ ላይ ኪስ ኪስ አድርጌ ሰፍቻለሁ። ካርዶቹ እዚያ ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት ቦታቸውን እቀያይራለሁ። ማንም ከ«ሀ» ተነስቶ መውረድ አይችልም።

ጥቅምት

በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለደሴ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የልጆቹ ጣት እርሳስ አይጨብጥም። ከነጋቢያቸው የሚመጡ አሉ። ስለዚህ ጠዋቱን ፀሐይ ላይ አደረግነው።

ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ አሰመርን። በየሳጥኑ ውስጥ ፊደል ይጻፋል፤ እንደ አቡጊዳው የተደበላለቀ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወረወራል። ልጁ በአንድ እግሩ እየዘለለ የረገጠውን ፊደል ይጠራል። ያልጠራ ይወጣል። ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ከዘላዩ በላይ ንቁ ናቸው። አንድ ሰው ሲሳሳት ሃያ አፍ በአንዴ ያርማል። በዚህ ጨዋታ ፊደል የለዩት ልጆች ብዛት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከለዩት ይበልጣል። ይህን የምለው አይቼ ነው።

ክፍል ውስጥ የያዝነው የፊደሉን ቤተሰብ ነው። «በ» ላይ ምን ሲጨመር «ቡ» ይሆናል? ወገቡ ላይ ቅጥያ። «ቢ»? ቀኝ እግሩ ሥር። «ቤ»? እግሩ ሥር ቀለበት። «ኩ፣ ሱ፣ ሙ» ላይም ያው ነው። «ኪ፣ ሲ» ላይም ያው። ልጆቹ ሕጉን ራሳቸው ሲያገኙት ደስታቸው ሌላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ልጻፍ። ከልጆቼ ብዙዎቹ ከትምህርት ውጭ ቁርአን ይቀራሉ። እዚያ «ባ» በሚባለው የዐረብኛ ፊደል ላይ የአናባቢ ምልክቱ ፈትሃ ሲሆን «በ»፣ ከስራ ሲሆን «ቢ»፣ ደማ ሲሆን «ቡ» እንደሚባል ተምረዋል። «ቢ»ን ሳሳይ አንዱ ልጅ ከኋላ ተነስቶ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ከስራ ነው! ከሥሩ ነው ያለው!» አለ። እውነቱን ነው። ከስራም ከሥር ነው የሚገባው፣ የሳልሱም ምልክት ከእግር ሥር ነው። ድምፃቸውም አንድ ነው። በአንድ ቃል የሳልስን ትምህርት ጨረሰልኝ። ወዲያው ወደ ሰሌዳው አወጣሁትና እሱ አስተማረ። ልጅ ከቤቱ፣ ከመስጊዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞት የሚመጣው እውቀት ትልቅ ሀብት ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይገኛሉ።

ያስቸገረው የራብዕና የሳብዕ ነገር ነው። «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» ግራው። «ሳ» እና «ሶ»፣ «ካ» እና «ኮ»ም እንደዚያው። ልጆቹ ያገላብጡታል። ሰሌዳውን እያዩ ቆመው፣ «ባ» ስል በቀኝ እግራቸው ብቻ፣ «ቦ» ስል በግራ ብቻ እንዲቆሙ አደረግሁ። ሰውነታቸው ያዘው። እንደ «ሎ» እና «ሮ» ያሉት የራሳቸው መልክ ስላላቸው በካርድ ብቻ ነው የሚለዩት፤ እነሱን ቀስ ብለን እንሄድባቸዋለን።

ኅዳር

ከዚህ ወር ጀምሮ እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን እሰማለሁ። የዓመቱ ዋና ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማለት ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ ያሰብኩት ስለ ኅብረ ድምፁ ነው። ክፍሉ አብሮ ሲያነብ ሁሉም የሚያነብ ይመስላል። ከሃምሳ ልጅ ዐሥሩ ካነበበ ሌላው ተከትሎ አፉን ማንቀሳቀስ ይችላል። መምህሩ የሚሰማው አንድ ትልቅ ድምፅ ነው። የማያነበውን ልጅ የሚደብቀውም እሱው ድምፅ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሌሎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ወይም በቆርኪ ቃል ሲሠሩ በየቀኑ ጥቂት ልጆች በመስኮቱ በኩል ወዳለው ወንበር ይመጣሉ። ካርድ አሳያለሁ። ከዚያ አጫጭር ቃላት የተጻፉበት አንድ ወረቀት። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ደብተሬ ላይ የምጽፈው ውጤት አይደለም። የቆመበትን ቦታ ነው። «ፊደል ይለያል፣ ቃል አይገጥምም።» «ሰ እና በ ይምታቱበታል።» «ያነባል፣ ምን እንዳነበበ አይናገርም።» ሮስተር ላይ 60 ወይም 70 ብዬ ብጽፍ ለነገ ሥራዬ ምንም አይነግረኝም። ይህ ግን ይነግረኛል።

በቡድን ሥራም አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የቡድን መሪው መጀመሪያ አያነብም። መጀመሪያ የሚያነበው ገና እየጀመረ ያለው ልጅ ነው። ጎበዙ ካነበበ በኋላ ሌላው የሚደግመው የሰማውን እንጂ ያየውን አይደለም።

የአሥር ዓመቱ ልጅ ወደ ወንበሩ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ተፈናቅለው ደሴ ከገቡ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው። በ2014 ጥቅምት ደሴም ራሷ ጦርነቱ ደረሰባት። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ አንድ ቦታ አልረጋም። ትምህርት ቤት የገባው አሁን ነው። ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ያሳፍረዋል። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ካርዶቹን ሳሳየው ግማሾቹን ለየ። የቀሩትን በድፍረት አልሞከረም፣ ዝም አለ። የቆርኪዎቹን ሳጥን እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት። ማከፋፈልና መሰብሰብ የሱ ሥራ ሆነ። ቆርኪውን ወደ ሳጥኑ ሲመልስ እያንዳንዱን ፊደል ያየዋል።

ታኅሣሥ

የደረስንበት በር ሳድስ ነው፤ የፊደሉ ስድስተኛ መልክ፣ እንደ «ል» እና «ብ» ያለው። ስለሱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

እስካሁን «ቡና፣ ዳቦ፣ ጋቢ፣ ሎሚ፣ ሱሪ፣ ጫማ፣ ባቄላ» ያለ ችግር ይነበባሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቃላት ውስጥ አንድም ሳድስ የለም። ፊደሉን በስሙ መጥራትና ቃሉን ማንበብ አንድ ነው። ቡ፣ ና፤ ቡና። አለቀ።

ከዚያ «ልብስ» ይመጣል። ልጁ ሦስቱንም ፊደል ያውቃቸዋል። «ል፣ ብ፣ ስ» ይላል። ደጋግሞ ይላል። ፈጥኖ ይላል። ቃሉ ግን አይመጣለትም። ለምን? ሳድስ ሁለት ጠባይ አለውና። አንዳንዴ ድምፅ አውጥቶ ይነበባል፣ አንዳንዴ ተዘግቶ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። «ልብስ» ውስጥ የሚከፈተው «ል» ብቻ ነው። «ብ» እና «ስ» ይዘጋሉ። ይህን የሚናገር ምልክት ፊደሉ ላይ የለም። እኛ ትልልቆቹ ስለለመድነው አይታየንም። ለልጁ ግን የተዘጋ በር ነው።

ደግሞ ሳድስ ጥቂት አይደለም። ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ይዘን ሳድሶቹን በእርሳስ አከበብን። ገጹ በክብ ተሞላ። ከሌሎቹ ስድስት መካከል የሚደርስበት አልነበረም። «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ ከዳር እስከ ዳር ሳድስ ነው። ልጆቹን ማንበብ የምናስተምርበት ቤት ስም፣ በሩ ላይ የተጻፈው፣ ለእነሱ ከሁሉ የከበደው ቃል ነው!

የሠራሁት በእጅ ነው። ሲከፈት መዳፍ፣ ሲዘጋ ጡጫ። «ትምህርት»፦ ት መዳፍ፣ ም ጡጫ። ህ መዳፍ፣ ር ጡጫ፣ ት ጡጫ። መጀመሪያ ቃሉን በአፋችን እንላለን። ቃሉን ያውቁታል፤ አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ነው። በእጃችን እንከፍታለን፣ እንዘጋለን። ከዚያ ወደ ቆርኪው። የሚዘጋውን ቆርኪ ከፊቱ ካለው ጋር ያስጠጉታል፣ የሚከፈተው ራሱን ችሎ ይቆማል። «እግር» ላይ «ግ» እና «ር» ይጠጋጋሉ። «ክንድ» ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ይከማቻሉ። ከጆሮ ተነስቶ ወደ ዓይን መሄድ እንለዋለን፣ እኔና የክፍል ጎረቤቴ መምህርት። ሁለታችንም እየሞከርነው ነው፤ ሻይ ላይ እናወራበታለን።

ፈጣን ውጤት አልጠብቅም። እስከ ገና ድረስ በየቀኑ ጥቂት ቃል ብቻ። ልጁ አንዴ በሩን ካገኘው ቀጥሎ የሚመጣው በራሱ ነው።

የበዓሉ ሰሞን ሰሌዳ ላይ «ገና ገና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አነበቧቸው። አንዷ ግን ቆም ብላ «ገና» የበዓሉን ጠበቅ፣ ሁለተኛውን ላላ አድርጋ ደገመችው። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም። ትርጉሙን የያዘ ልጅ ብቻ ያገኘዋል። ለዚህ ነው «አነበብክ?» ብዬ የማላቆመው። «ምን አለ?» እላለሁ።

ጥር

ከጥምቀት መልስ አዲስ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ወደ ቤት ስትሄዱ መንገድ ላይ ከተጻፈ ነገር አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ። በደብተር ገልብጣችሁ፣ አንብባችሁ።

ደሴ በጽሑፍ የተሞላች ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለው መንገድ ብቻ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ይወጣዋል። በማግስቱ የመጣውን ዝርዝር አይቼ ልቤ ሞላ። ዳቦ ቤት። ጎሚስታ። ሱቅ። ጁስ። ፀጉር ቤት። ሥጋ ቤት። የባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር የገለበጠም አለ፤ ባጃጁ እስኪሄድበት የቻለውን ያህል።

የቆርኪው ልጅ እጁን አወጣ። ከመስከረም ጀምሮ ሳይጠራ እጁን ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ወደ ሰሌዳው መጣ። ጠመኔውን ይዞ በትላልቁ ጻፈ፦ ክልክል። አጥር ላይ ነው ያየው። እዚያ አጥር ላይ ምን ክልክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን አነሳ። ክ መዳፍ፣ ል ጡጫ። ክ መዳፍ፣ ል ጡጫ። «ክል-ክል» አለ። «ሁለት ፊደል ብቻ ነው ቲቸር። ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው።»

ሳቁ ቆመ። ልጆቹ ቆርኪ ፍለጋ ገቡ። ሁለት «ክ»፣ ሁለት «ል»። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ «ክልክል» ተሠራ። ከዚያ ሌላ እንዲህ ያለ ቃል ፈለጉ። «ድንግል» አለች አንዷ፤ አልሆነም፣ ፊደሎቹ አይደገሙም። «ብርብር» አለ ሌላው። «ጭልጭል»። «ግልግል»። «ድብድብ»። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ወሰደው፤ ለሒሳብ የያዝኩትንም ጭምር። አልቆጨኝም። ሳድስ በዚያ ቀን ከብዙ ልጆች ትከሻ ላይ ወረደ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ተሰጠ። ውጤቱ ካርዱ ላይ ነው፤ እዚህ አልደግመውም።

የካቲት

የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ስለ መዋጮና ስለ ደንብ ልብስ ሲወራ ቆየ። ተራዬ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፦ ማታ ማታ ልጃችሁን ስሙት። ለጥቂት ደቂቃ።

አንዲት አያት ቀርተው አናገሩኝ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ምኑን ልስማው?» አሉ። እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ አጠገብዎ አስቀምጠው ያስነብቡት። ሲጨርስ ‹ምን ይላል?› ይበሉት። ታሪኩን ይንገርዎት። ካልገባዎት እሱም አልገባውም ማለት ነው፤ ‹እስቲ ድገመው› ይበሉት።» ጥቂት አሰቡ። «ይቺማ ቀላል ናት፤ አብሽሪ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ መጽሐፉን ሳይዝ አይሄድም። «አያቴ ትጠይቀኛለች» ይላል። የልጁ ንባብ ሲሻሻል በዓይኔ አይቻለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ልጁን መርዳት አይችልም የሚለውን ወሬ ማንም እንዲያምነው አልፈልግም። ማዳመጥና መጠየቅ ፊደል አይፈልግም።

ሰኞ ሰኞ የሚቀሩ ልጆች አሉ። ገበያ ነው፤ ታናሽ ጠባቂ ይሆናሉ። ለነሱ ማክሰኞ የመጀመሪያውን የማዳመጫ ተራ ሰጥቻለሁ። ሌላ መፍትሔ እስካሁን አላገኘሁም።

መጋቢትና ሚያዝያ

የበልጉ ዝናብ መጣ። ለወሎ ደጋ ገበሬ ደስታ ነው። ለእኛ ደግሞ ቆርቆሮው ነው። መዝነብ ሲጀምር ከፊት ወንበር ያለው ልጅ እንኳ አይሰማኝም። ያን ጊዜ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጆሮ ያነባል፤ አንዱ ለሌላው፣ ጆሮው ሥር። ዝናቡ ሲያባራም ይህን ዓይነት ንባብ አላስተውኳቸውም። ወደውታል። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈሩት ልጆች ለጓደኛ ጆሮ ያነባሉ።

ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሰሞን ልጆቹ ግማሽ ቀን እንጾማለን ይላሉ። ረፋድ ላይ ይደክማሉ። ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አምጥቼዋለሁ።

ያቆየናቸው ስድስት ፊደሎችም ገቡ። «ለምን ሁለት ሰ አለ?» ተባልኩ። ጥንት በግዕዝ ሁለቱ «ሰ»ዎች የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ አማርኛ ግን አንድ አድርጎ እንደሚጠራቸው ነገርኳቸው። በዚህ ዕድሜ ማወቅ ያለባቸው ሁለቱንም ማንበብ ነው። «ስጋ»ም «ሥጋ»ም ብሎ የጻፈ ልጅ ደብተር ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። መለየቱ በላይኛው ክፍል ይደርሳል። አሁን መጻፍ እንዲወዱ ነው የምፈልገው።

ግንቦት

መጽሐፍ እየሠሩ ነው። ወረቀት ታጥፎ፣ መሃሉ በክር ተሰፍቶ፣ ልባሱ ካርቶን። እያንዳንዱ ልጅ ስለሚያውቀው ነገር ይጽፋል። በየገጹ አንድ ዐረፍተ ነገርና ሥዕል።

ስለ ላም ተጻፈ። ስለ ኢድ ልብስ ተጻፈ። ስለ ጦሳ ተራራ ጉም የጻፈው ልጅ «ጉም ሲመጣ ጦሳ የለም። ጉም ሲሄድ ጦሳ አለ።» አለ። ከዚህ ምንም አልቀይርም። አንዷ ስለ እናቷ እንጀራ ስትጽፍ «ምጣድ» ላይ ደረሰች። ቆመች። ጠረጴዛው ሥር እጇን አየሁት፤ መዳፍ፣ ከዚያ መዳፍ፣ ከዚያ ጡጫ። ጻፈችው።

የቆርኪው ልጅ መጽሐፍ አጭር ነው። ርዕሱ «የመንገድ ቃላት» ይላል። ከጥር ጀምሮ ሲሰበስብ ነበር። የሚያነበው ቀስ ብሎ ነው፤ ረጅም ቃል ላይ ይቆማል። ግን አይሸሽም። ለትንንሾቹ ሲያነብላቸው ቁመቱ ጠቀመው፤ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ሁሉም ያየዋል።

መጻሕፍቱን ማዳበሪያው ኪስ ውስጥ አደረግናቸው። ልጆቹ እየተዋሱ ይወስዳሉ። የመማሪያ መጽሐፉን ለማንበብ የሚሰለች ልጅ የጓደኛውን መጽሐፍ ቆሞ ያነባል።

ሰኔ

የመጨረሻውን ዙር ማዳመጥ ጨረስኩ። አብዛኛዎቹ አጭር ታሪክ አንብበው ይነግሩኛል። ጥቂቶች ቃል ይገጥማሉ፣ ዐረፍተ ነገር ላይ ይደክማሉ። በጣም ጥቂቶች ደግሞ አሁንም ፊደል ላይ ናቸው፤ ከነሱ ሁለቱ ብዙ የቀሩ ልጆች ናቸው፤ አንደኛዋ ሰሌዳውን አጥርታ አታይም ብዬ ስለምጠረጥር እናቷ ዓይኗን እንድታሳይላት ነግሬያለሁ።

ለሁለተኛ ክፍሉ መምህር የማስረክበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደብተሬ ነው። በእያንዳንዱ ልጅ ፊት ለፊት የቆመበት ቦታ ተጽፏል። ካርዱ ላይ ያለው አማካይ ውጤት ይህን አይነግረውም። አብረን ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አየነው። ስለ ጡጫና መዳፉም አሳየሁት፤ እቀጥልበታለሁ ብሏል። ሁለተኛው የልጆቹ መጻሕፍት ናቸው። መስከረም ላይ ከራሳቸው ጽሑፍ ቢጀምሩ የክረምቱን መርሳት ያካክሳሉ ብዬ ነው።

ቆርኪዎቹ ከኔ ጋር ይቀራሉ። ለመጪው አንደኛ ክፍል ሳጥኑን ሳጣራ ያየሁት፣ የሳድሱ ቆርኪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያልቅ ነበር። ት፣ ን፣ ል፣ ም፣ ር እና ስ ላይ ልጆቹ ይሻሙ ነበር። ስለዚህ ክረምቱን እነሱን እጥፍ አድርጌ እሠራለሁ። ባለግሮሰሪውን ከአሁኑ አነጋግሬዋለሁ። እናንተም የምትጀምሩ ከሆነ ሳድሱን አብዝታችሁ ጀምሩ፤ ጠርዙንም ሳትጠፈጥፉ ለልጅ እጅ እንዳትሰጡ።